ቻርልስ ዲከንስና የሎንዶን ከተማ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ የልብ ወለድ ታሪክ ከጻፉት ደራስያን መካከል የቻርልስ ዲከንስን ያህል ስሙ ከአንድ ከተማ ስም ጋር የተሳሰረ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ከተማይቱ ሎንዶን ናት። ከድርሰቶቹ ሁሉ ይልቅ የሎንዶን ጎዳናና የሎንዶን ችግር ወደ ደራሲው ወደ ራሱ ልብ ዘልቀው የገቡበት መጽሐፍ ደግሞ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ነው። ከመጻሕፍቱም መካከል አብልጦ የሚወደው ይህን መሆኑን ዲከንስ በኋለኛው ዕድሜው ሳይሸሽግ ገልጿል።

ስለ ዲከንስ በተነሣ ቁጥር ዘወትር የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም ድህነት ትምህርት ቤቱ፣ የሎንዶን ጎዳና መምህሩ ሆነው ደራሲ አደረጉት የሚል ነው። ቃሉ ለጆሮ ያምራል። የሰውየውን ሕይወት ከልጅነቱ ጀምሮ ለተከተለ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይገኝም። በተለይም የማስተማርን ሥራ የያዝን ሰዎች ይህን አነጋገር ሳንመረምር ልንቀበለው የሚገባን አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ዲከንስ የተወለደው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1812 በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ባለችው የወደብ ከተማ በፖርትስማውዝ ነው። አባቱ ጆን ዲከንስ በባሕር ኃይል የደመወዝ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረ። ደመወዙ ለአንድ መካከለኛ ቤተ ሰብ የሚበቃ ነበረ፤ ሆኖም ሰውየው እንግዳ መጋበዝና በትልቅ ሰው ወግ መኖር የሚወድ፣ አንደበቱ የጣመ፣ ልቡ ደግ፣ ገንዘብ ግን በእጁ የማይረጋለት ሰው ስለ ነበረ ወጪው ከገቢው እየበለጠ ዕዳው በየዓመቱ ይከማች ነበር።

ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡ ቻተም ወደምትባል ሌላ የወደብ ከተማ ተዛወረ። ዲከንስ በዕድሜው ሙሉ እንደ ደስታ ዘመን አድርጎ ያስታወሰው በዚያ ያሳለፈውን አምስት ዓመት ነው። ፊደል ያስቆጠረችው እናቱ ኤልሳቤጥ ነበረች። ጥቂት ከፍ ሲል ዊልያም ጃይልስ በተባለ ወጣት መምህር ትምህርት ቤት ገባ። ጃይልስ በዚህ ቀጭንና ሕመም በማይለየው ልጅ ላይ ያደረውን ተሰጥኦ ፈጥኖ ተመለከተ፤ አበረታታው፤ በተለየ ትኩረትም አስተማረው። በቤታቸውም ላይኛው ፎቅ ከልጁ መኝታ አጠገብ ማንም የማይገባባት አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረች፤ በእርስዋም ውስጥ አባቱ የሰበሰባቸው ጥቂት መጻሕፍት ተደርድረው ይገኙ ነበር። ሮቢንሰን ክሩሶን፣ ዶን ኪሾቴን፣ የሺህ አንድ ሌሊትን ተረቶች፣ የፊልዲንግንና የስሞሌትን ልብ ወለዶች ያነበበው በዚህች ክፍል ነው። ሌሎች ልጆች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲጫወቱ እርሱ በአልጋው ላይ ተቀምጦ ያነብ ነበር።

በ1822 አባቱ ወደ ሎንዶን መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ልጁ ቻተምን ሊለቅ በተቃረበበት ሌሊት መምህር ጃይልስ ወደ ቤታቸው መጥቶ የኦሊቨር ጎልድስሚዝን አንድ መጽሐፍ ለመታሰቢያ ሰጠው። ብዙ ዓመት አልፎ ዲከንስ በአገሩ ሁሉ ዝነኛ ሲሆን ይኸው መምህር የማድነቂያ ቃል ያስቀረጸበትን ከብር የተሠራ የሱረት መያዣ እንደ ላከለት ታሪክ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ያነሡታል። ተማሪው ሲሄድ መጽሐፍ፣ ተማሪው ሲከብር ስጦታ የሚልክ መምህር በየዘመኑ አይገኝምና የጃይልስን ስም አሳልፎ መሄድ አይገባም።

በሎንዶን የተከራዩት ቤት ካምደን ታውን በተባለው ሰፈር ነበረ። እዚያ ሲደርሱ ለአሥር ዓመቱ ልጅ ትምህርት ቤት የሚፈልግለት ሰው ጠፋ። አባቱ ልጁን የሚጠላ ሆኖ አይደለም፤ ይልቁንም እጅግ ይወደው ነበር። በዕዳ ሐሳብ ተይዞ ልጁ መማር እንዳለበት ፈጽሞ የረሳው ይመስላል። ልጁ የአባቱን ጫማ ይጠርጋል፤ ታናናሾቹን ይጠብቃል፤ ይላላካል። ታላቅ እኅቱ ፋኒ በ1823 የንጉሡ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ስትገባ እርሱ በቤት ቀረ። እኅቱን ይወድዳት ነበርና አልቀናባትም፤ ሆኖም እርስዋ ወደ ትምህርት ስትሄድ እርሱ ወደ ገበያ መላኩ በልቡ ውስጥ የማይሽር ቁስል ተወበት።

በዚያው ዓመት መጨረሻ እናቱ ኑሮውን ለማቃናት ብላ ትምህርት ቤት ልትከፍት አሰበች። ጎወር ስትሪት ላይ ሰፊ ቤት ተከራይተው በበሩ ላይ የናስ ሰሌዳ አስለጠፉ፤ ትንሹ ቻርልስም የማስታወቂያውን ወረቀት በየቤቱ እየዞረ አደለ። አንድም ተማሪ አልመጣም። ሊመጣ አሳቡ ያለው ሰው እንኳ አልተገኘም። ትምህርት ቤት የተነፈገው ልጅ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ በየደጁ ሲያድል መታየቱ ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ ከልክ ያለፈ ነው ይባል ነበር።

አበዳሪዎች በሩን ሲያንኳኩ የቤቱ ዕቃ አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ የወጡት እነዚያ የቻተም መጻሕፍት ናቸው። ወደ መጽሐፍ ነጋዴው እየወሰደ የሚሸጣቸውም ራሱ ልጁ ነበረ። ነጋዴው ማታ የሚሰክር ሰው ስለ ነበረ ልጁ በማለዳ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ከአልጋው ሳይነሣ፣ ዓይኑ አብጦ፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ ከልብሱ ኪስ ሳንቲም ሲፈልግ ያገኘው ነበር። ይህ ታሪክ ጥቂት ተለውጦ በ«ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ውስጥ ይገኛል፤ መጽሐፎቹ ግን በልብ ወለዱ የሚካውበር የተባለው ባለዕዳ ናቸው እንጂ የልጁ አይደሉም።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላው ሰሞን፣ በፌብሩዋሪ 1824፣ ጄምስ ላመርት የተባለ የቤተ ሰቡ ዘመድ ለልጁ ሥራ አገኘሁለት ብሎ መጣ። ሥራው የጫማ ቀለም በሚሠራበት የዋረን ፋብሪካ ነበረ። ወላጆቹም በደስታ ተቀበሉ። ልጁን ከሁሉ የበለጠ ያስደነቀውና ያሳዘነው ይህ የወላጆቹ ደስታ ነው። ፋብሪካው በቴምዝ ወንዝ ዳር ሐንገርፎርድ ስቴይርስ በተባለው ስፍራ የቆመ፣ ወለሉ የበሰበሰ፣ ደረጃው የሚንቀጠቀጥ፣ አይጥ የሚርመሰመስበት አሮጌ ቤት ነበረ። እዚህ ላይ አንድ የንግድ ዘዴ መጥቀስ ደስ ይለኛል፤ ስመ ጥሩ የዋረን ቀለም የሚሸጠው ስትራንድ በተባለው ትልቅ ጎዳና በ30 ቁጥር ቤት ሲሆን፣ የዚህኛው ፋብሪካ ባለቤቶች ደግሞ ቁጥራቸው 30 በመሆኑ ቁጥሩንና የጎዳናውን ስም በትልቅ ፊደል፣ ሐንገርፎርድ የሚለውን በጥቃቅን ፊደል እያሳተሙ ገዢውን ያደናግሩ ነበር።

የልጁ ሥራ የቀለሙን ማሰሮ አፍ መጀመሪያ በቅባት ወረቀት ቀጥሎም በሰማያዊ ወረቀት መሸፈን፣ በሲባጎ ማሰር፣ ዙሪያውን በመቀስ ማስተካከል፣ በመጨረሻም ምልክቱን መለጠፍ ነው። ደመወዙ በሳምንት መጀመሪያ 6 በኋላም 7 ሺሊንግ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ላመርት በምሳ ሰዓት ጥቂት ትምህርት ሊያስተምረው ቃል ገብቶ ነበር። ትምህርቱ ለጥቂት ቀን ቀጠለና የጽሕፈት ቤቱ ሥራ እያቋረጠው ቀረ፤ ልጁም በመጀመሪያ ከተሰጠው የተለየ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ታች ወረደና ከሌሎቹ ሠራተኛ ልጆች ጋር ተቀላቀለ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ አባቱ ለአንድ ዳቦ ጋጋሪ በነበረበት የ40 ፓውንድ ዕዳ ተይዞ ከቴምዝ ወዲያ ማዶ ማርሻልሲ በተባለው የባለዕዳዎች ወኅኒ ቤት ገባ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ባለዕዳ ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ይታሰር ነበር፤ ታስሮ ደግሞ ገንዘብ ማግኘት አይችልም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው በወኅኒ ቤት እያለ ይሸመግል ነበር። እናቱና ታናናሾቹም ኪራይ መክፈል ስላልቻሉ እዚያው ወኅኒ ቤቱ ውስጥ ገብተው ከአባቱ ጋር መኖር ጀመሩ። ቻርልስ ግን በውጭ ቀረ።

በመጀመሪያ ካምደን ታውን ባለች አንዲት ሴት ቤት፣ በኋላም ልመናው ተሰምቶለት ከወኅኒ ቤቱ አጠገብ ላንት ስትሪት በተባለ መንገድ ላይ በአንድ ቆጥ ላይ ተኛ። የሎንዶንን ጎዳና በእግሩ የተመላለሰው በዚህ ጊዜ ነው። ደመወዙ ሳምንቱን እንዲያደርሰው ብሎ ገንዘቡን በስድስት ትናንሽ ጥቅል ወረቀት እየከፋፈለ በእያንዳንዱ ላይ የቀኑን ስም ይጽፍበትና በመሳቢያ ውስጥ ያኖረው ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የኀሙሱ ጥቅል በረቡዕ ይፈታል። በመንገዱ ላይ ፑዲንግ የሚሸጡ ሁለት ሱቆች ነበሩ፤ የአንደኛው ዘቢብ የበዛበትና ውድ፣ የሁለተኛው ከባድና ርካሽ ነው። ልጁ በየቀኑ በሁለቱ መካከል ቆሞ ኪሱን ይዳስስ ነበር። ገንዘብ ባነሰው ቀን ወደ ኮቨንት ጋርደን ገበያ ሄዶ የተከመረውን ፍራፍሬ ይመለከታል።

ቅዱስ ማርቲን መንገድ በተባለው ስፍራ ደግሞ አልፎ አልፎ የሚገባበት ቡና የሚሸጥበት ቤት ነበረ። የቤቱ ስም በበሩ መስተዋት ላይ ወደ ጎዳናው ተጽፏል፤ ከውስጥ ተቀምጦ ሲያነቡት ፊደሉ ተገልብጦ ትርጕም የሌለው ባዕድ ቃል ይሆናል። ዲከንስ ታላቅ ሰው ከሆነ በኋላ እንኳ በየትኛውም ቡና ቤት ተቀምጦ በመስተዋት ላይ የተጻፈውን ከውስጥ ወደ ውጭ ሲያነብ ደሙ ውስጥ ድንጋጤ ይሮጥበት እንደ ነበረ ገልጿል። ለእኔ የዲከንስ ሎንዶን ማለት ይህ ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ከተማ በተገላበጠ ፊደል ከውስጥ ሆኖ ያነበበ ልጅ።

በፋብሪካው ውስጥ ቦብ ፋጊን የተባለ፣ ወላጆቹ የሞቱበት ትልቅ ልጅ ነበረ። ሥራውን ያሳየውም እርሱ ነው። አንድ ቀን ቻርልስ የቆየው የጎኑ ሕመም ተነሥቶበት ሲወድቅ ቦብ በጭድ ላይ አስተኝቶት ባዶ የቀለም ጠርሙሶችን ሙቅ ውኃ እየሞላ ግማሹን ቀን ጎኑን ሲያሞቅለት ዋለ። ሲመሽም ብቻውን እንዳይሄድ ብሎ ወደ ቤቱ ሊያደርሰው ተነሣ። ቻርልስ ግን ወላጆቹ በወኅኒ ቤት መሆናቸው እንዳይታወቅበት ፈራ። ሊያሰናብተው ቢሞክር ቦብ ደግነቱ በዝቶ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሳውዝዋርክ ድልድይ አጠገብ ሲደርሱ አንዱን የማያውቀውን ቤት ቤቴ ይህ ነው ብሎ ደረጃውን ወጣና ተሰናበተው፤ ቦብ ዞር ብሎ ቢመለከት እንዳያፍር በሩን አንኳኳ፤ የቤቱ ሴት ስትከፍትም ሚስተር ሮበርት ፋጊን የሚኖሩት እዚህ ነውን ብሎ ጠየቃት።

ይህ ደግ ልጅ ከዓመታት በኋላ የደረሰበት ነገር ያስገርማል። ዲከንስ በ«ኦሊቨር ትዊስት» ውስጥ ሕፃናትን ሰብስቦ ሌብነት ለሚያስተምረው ክፉ ሽማግሌ የሰጠው ስም ፋጊን የሚል ነው። ምክንያቱን በትክክል ማወቅ አይቻልም። እኔ እንደሚመስለኝ የልጁን ደግነት ጠልቶ ሳይሆን፣ ያ ደግነት ራሱ ከዚያ ቤት ጋር ለዘላለም እንዳያዛምደው ስለ ፈራ ነው። መልካም ጓደኛ ሲያገኝ ጊዜ በዚያ መኖርን እለምዳለሁ ብሎ ይሠጋ ነበር።

አባቱ ከሦስት ወር እስራት በኋላ ዕዳ መክፈል ላቃታቸው ሰዎች በወጣው ሕግ ነጻ ወጣ። ልጁ ግን ከፋብሪካው አልወጣም። ፋብሪካው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሮ ቻርልስና ቦብ ብርሃን ፍለጋ በመስኮት አጠገብ ሆነው ይሠሩ ነበር፤ እጃቸው እጅግ የፈጠነ ስለ ነበረ መንገደኛው እየቆመ ይመለከታቸዋል። አንድ ቀን አባቱ ሲገባ አየውና ይህን እንዴት ይችላል ብሎ ተገረመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቱና ላመርት ተጣሉ፤ በዚህም ምክንያት ልጁ ከሥራ ተሰናበተ። እናቱ ነገሩን አስታርቃ ልጁ በማግሥቱ እንዲመለስ የሚል መልስ ይዛ መጣች። አባቱ ግን አይመለስም፤ ትምህርት ቤት ይገባል አለ። ዲከንስ በእናቱ ላይ ቂም መያዙን አልተናገረም፤ ነገር ግን እንዲመለስ መፈለግዋን እንዳልረሳ፣ ሊረሳም እንደማይችል ጽፏል።

የገባበት ዌሊንግተን ሃውስ የተባለው ትምህርት ቤት ጥሩ አልነበረም። ባለቤቱ ጆንስ የተባለው ሰው ከማስተማሩ መምታቱ ይበልጥ ነበር። ቢሆንም ለልጁ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ሁለት ዓመት ያህል ተማረበት። ከዚያ በ15 ዓመቱ የጠበቆች ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ጸሐፊ ሆነ፤ አጭር ጽሕፈት በግሉ ተምሮ የፍርድ ቤት፣ ቀጥሎም የፓርላማ ዘጋቢ ሆነ፤ በ1836 ስለ ሎንዶን ኑሮ የጻፋቸው ትናንሽ ጽሑፎች በመጽሐፍ ታተሙ፤ በዚያው ዓመት ካትሪን ሆጋርትን አገባ፤ «የፒክዊክ ጽሑፎች» በየወሩ መውጣት ጀመረና 25 ዓመት ሳይሞላው ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ይህ ክፍል በሁሉም መጽሐፍ ስለሚገኝ አላስረዝመውም። በ1838 ክረምት ግን ወደ ዮርክሻየር ተጉዞ ወላጆች ሊያዩዋቸው የማይፈልጓቸው ልጆች የሚጣሉባቸውን ርካሽ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በዓይኑ እንዳየ፣ ይህንም በ«ኒኮላስ ኒክልቢ» እንዳጋለጠ፣ በ1843ም ፊልድ ሌን በተባለው የሎንዶን ክፍል ለቡትቶ ለባሽ ልጆች የተከፈተውን ነጻ ትምህርት ቤት እንደ ጎበኘ ማንሣት ለእኛ ይገባል።

የሎንዶን ጎዳና ለዲከንስ ምን እንደ ነበረ በግልጽ የታወቀው ከእርስዋ በራቀ ጊዜ ነው። በ1844 በኢጣልያ በጄኖዋ፣ በ1846 በስዊዘርላንድ በሎዛን ተቀምጦ ሲጽፍ ብዕሩ እየከበደበት ተቸገረ። ከተራራውና ከሐይቁ ውበት መካከል ሆኖ ወደ ወዳጁ ወደ ጆን ፎርስተር የሚጽፈው የጎዳና ናፍቆት ነበረ፤ ሌሊት የሚንከራተትበት ሕዝብ የሞላው መንገድ ከሌለ ገጸ ባሕርያቱ የሚቆሙ መሰለው። በሎንዶን ሲሆን ግን ከመሸ በኋላ ማይል በማይል ላይ እየጨመረ በእግሩ ይዞር ነበር። በ1851 በተደረገው ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረባትን ይህችን ከተማ እንደ እርሱ በእግሩ የለካት ደራሲ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ይህን ሁሉ ሲዞር የማያልፍበት አንድ ስፍራ ነበረ። ሐንገርፎርድ ስቴይርስ እስኪፈርስ ድረስ ወደዚያ ለመጠጋት ልቡ አልደፈረም። በሌላውም መንገድ የዋረንን ተፎካካሪ ሱቅ ሲቃረብ የቀለሙ ክዳን ማጣበቂያ ሽታ ያለፈውን እንዳያስታውሰው ወደ ማዶኛው የጎዳና ዳር ይሻገር ነበር።

ይህን ምሥጢር ለማንም ሳይናገር ሃያ ዓመት አለፈ። በ1847 ፎርስተር በድንገት አንድ ጥያቄ አመጣበት፤ ቻርልስ ዲልክ የተባሉ የአባቱ የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ በስትራንድ አጠገብ ባለ አንድ ቤት ሲሠራ አይተውት ሁለት ሺሊንግ ተኩል እንደ ሰጡት፣ ልጁም ዝቅ ብሎ እጅ እንደ ነሣቸው ነግረውት ነበርና እውነት ነውን ብሎ ጠየቀው። ዲከንስ ለብዙ ደቂቃ ዝም አለ። ፎርስተር የማይነካ ነገር መንካቱን አውቆ ነገሩን ለወጠ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ዲከንስ ራሱ ተናገረ፤ የልጅነቱንም ታሪክ የጻፈበትን ወረቀት ከጊዜ በኋላ ሰጠው።

ያ ወረቀት ሳይፈጸም ቀረ። ዲከንስ የራሱን ታሪክ በራሱ ስም መጻፍ አቃተው። በእርሱ ፋንታ ከሜይ 1849 እስከ ኖቬምበር 1850 ድረስ በየወሩ እየታተመ የወጣው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ነው። የልብ ወለዱ ጀግና ስም የሚጀምርባቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት የደራሲው ስም ፊደላት ተገልብጠው መሆናቸውን ፎርስተር ሲያመለክተው ዲከንስ ራሱ ሳያስተውለው የቀረ ነበርና ተገረመ።

በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ ከዚያ ወረቀት ብዙ ቃል ሳይለወጥ እንዳለ ተወስዷል። ፑዲንግ የሚሸጡት ሱቆች፣ የገበያው ፍራፍሬ፣ ብቻውን በጎዳና የሚዞረው ልጅ ሁሉም በስፍራቸው ናቸው። የጫማው ቀለም የወይን ጠርሙስ ሆነ፤ ቤቱም በዚያው ወንዝ ዳር ወደ ብላክፍራያርስ ተዛወረ፤ ማርሻልሲም ኪንግስ ቤንች በተባለ በሌላ የባለዕዳዎች ወኅኒ ቤት ተለወጠ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የነበረው ልጅ አሥር ዓመት ሆነ። አባቱ፣ ዕዳውና አነጋገሩ ሳይቀር፣ ሚካውበር ሆኖ አንባቢው ሁሉ የሚወደውና የሚስቅበት ሰው ሆኖ ቀረበ። ነገር ግን ሚካውበር የዴቪድ አባት አይደለም፤ የቤት አከራዩ ነው። እናትየዋ ደግሞ ልጅዋ ወደዚያ ቤት ከመላኩ በፊት ሞታለች፤ የላከው ጨካኙ እንጀራ አባት መርድስቶን ነው። ይህን ሳነብ ዲከንስ የሎንዶንን ጎዳና ሳይለውጥ ወላጆቹን ብቻ ከበደል ለማውጣት እንደ ደከመ ይታየኛል። እናቱ በልብ ወለዱ ውስጥ ተመለስ የማለት ጊዜ አላገኘችም።

ሌላም የለወጠው ነገር አለ፤ ለመምህር ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ዴቪድ እንደ ዲከንስ ሌሎች ተጣልተው እስኪያወጡት አልጠበቀም። ገንዘቡን በመንገድ ተዘርፎ፣ ኮቱን ሸጦ፣ በእግሩ ከሎንዶን ወጥቶ እስከ ዶቨር ድረስ ወደ አክስቱ ይሄዳል፤ አክስቱም በካንተርበሪ ከተማ በደጉ በዶክተር ስትሮንግ ትምህርት ቤት ታስገባዋለች። ዲከንስ ከጆንስ ዘንድ ያየውን ዱላ በመጽሐፉ መጀመሪያ ሳሌም ሃውስ በተባለ ትምህርት ቤት አሳይቷል፤ የካንተርበሪው ትምህርት ቤት ግን እርሱ ያልተማረበት፣ ሊማርበት ሲመኝ የኖረበት ነው። ሎንዶን ልብ ወለዱን ሰጠችው፤ የልብ ወለዱ ልጅ ግን የሚድነው ከሎንዶን ሸሽቶ ትምህርት ቤት በመግባቱ ነው።

እንግዲህ ጎዳናው ደራሲ አደረገው የሚሉት ሰዎች ሚክ ዎከርና ሚሊ ፖቴቶስ የተባሉትን በመጽሐፉ ከዴቪድ ጋር ጠርሙስ ሲያጥቡ የምናያቸውን ልጆች ይመልከቱ። ያው ጎዳና፣ ያው ረኀብ፣ ያው ወንዝ ለእነርሱም ነበረ። ቦብ ፋጊንም በዚያው መስኮት ሥር ተቀምጦ በዚያው ፍጥነት ሲባጎ ያስር ነበር። ልዩነቱ ቻርልስ ዲከንስ ወደዚያ ቤት ሲገባ የቻተሙን መምህርና የቻተሙን መጻሕፍት በልቡ ይዞ መግባቱ ነው። ሥራ እየሠሩ ለቦብና ለሌሎቹ ታሪክ ያወራላቸው ነበር፤ የሚያወራውም አስቀድሞ ያነበበውን ነው፤ እርሱንም ቢሆን ከአእምሮው እየጠፋበት መሄዱን እያየ ይጨነቅ ነበር።

በ1856 ጋድስ ሂል የተባለውን፣ በቻተም ዘመን ከአባቱ ጋር በእግሩ ሲያልፍ እየተመለከተ የተመኘውን ቤት ገዛ። በ1857 «ሊትል ዶሪት» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጨርስ ከ15 ዓመት በፊት የተዘጋውን የማርሻልሲ ወኅኒ ቤት ቅሪት ሄዶ አየ። በ1858 ከሚስቱ ተለያየ። ሐንገርፎርድ የነበረበት ስፍራ ተጠርጎ በ1864 የቻሪንግ ክሮስ የባቡር ጣቢያ ተከፈተበት፤ ጣቢያው ዛሬም በስፍራው አለ። ዲከንስ ጁን 9 ቀን 1870 በ58 ዓመቱ በጋድስ ሂል ዐርፎ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በባለቅኔዎች ማዕዘን ተቀበረ። በሕዝብ ገንዘብ ለሚቋቋሙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መሠረት የሆነው የእንግሊዝ የትምህርት ሕግ የወጣው በሞተ በሁለተኛው ወር ነው።

ፎርስተር የሕይወት ታሪኩን የመጀመሪያ ክፍል ሲያሳትም አንባብያን ሁሉ ሃያ ዓመት እንደ ልብ ወለድ ያነበቡት ነገር እውነት መሆኑን ዐወቁ። ልጆቹም ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ልጁ ሄንሪ እንደ መሰከረው ከመሞቱ በፊት በነበረው የገና በዓል፣ በ1869፣ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ የማስታወስ ጨዋታ ይጫወት ነበር፤ እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት የተባሉትን ቃላት ሁሉ ደግሞ የራሱን አንድ ቃል ይጨምራል። ዲከንስ በዚያ ምሽት ደክሞት በሶፋ ላይ ተጋድሞ ነበር። ተራው ሲደርስ የቀደሙትን ቃላት ሁሉ ሳይሳሳት ከደገመ በኋላ ዓይኑ እንግዳ ብርሃን አሳይቶ፣ ድምፁም ተለውጦ፣ የዋረንን የጫማ ቀለም፣ ስትራንድን፣ ቁጥር 30ን ጠራ። ልጆቹ ምን እንደ ሆነ አልገባቸውም። ቃሉን ደግመው ጨዋታውን ቀጠሉ።